ነጥብ የሚያከፋፍል ፕሮግራም ላይ ምክራችሁን

ከደብረ ማርቆስ፦
እንዴት ዋላችሁ? ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል የሚባለው ጌም ላይ ዊች (ጠንቋይዋን ገጸ ባሕሪ) ይዣለሁ። ጓደኛዬ ገጸ ባሕሪዋን የሚያጠነክሩትን የስኪል ነጥቦች በራሱ የሚመርጥ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ሰጠኝ። «ጠላት ላይ የማደርሰውን ጉዳት አብዛልኝ» ስለው ቁጥሩ ያስደስታል፤ ካርታ (ጭራቆች ያሉበት የውጊያ ቦታ) ስገባ ግን በአንድ ምት እወድቃለሁ። ምን ጎደለው?

ከቡሬ፦
ወንድሜ፣ የጠየቅኸውን ነው የሰጠህ። ጉዳት ብቻ ካልከው ደምህን አሳልፎ ሰጥቶም ያመጣልሃል። መጀመሪያ ገደብ አስቀምጥለት፦ የእሳት፣ የበረዶና የመብረቅ መከላከያ 75 በመቶ ይሙላ፤ የተለመደው ጣሪያ እሱ ነው። የደም መጠንም ዝቅተኛ ወለል ይኑረው። ጉዳት ከዚያ በኋላ።

ደግሞ ስሌቱን እይልኝ። ጉዳት ከሚጨምሩት ውስጥ «ኢንክሪዝድ» የሚባለው እርስ በርሱ ይደመራል፣ «ሞር» ግን ለብቻው ይባዛል። 100 በመቶ ኢንክሪዝድ ላይ 20 ብትጨምር ጉዳቱ ከ200 ወደ 220 ነው የሚሄደው፣ ያገኘኸው 10 በመቶ ነው፤ 20 በመቶ ሞር ግን ሙሉ 20 ይሰጥሃል። ይህን የማይለይ ስክሪፕት እኔ አልጠቀምም።

ከፍኖተ ሰላም፦
በየደረጃው ቅርብ ያለውን ነጥብ ብቻ የሚመርጥ ከሆነም ራቅ ያለ ኪስቶን (አጨዋወትህን የሚቀይር ትልቅ ነጥብ) ጋ አይደርስም። ውጤቱን ፓዝ ኦፍ ቢልዲንግ የሚባለው የዚህ ጌም ማስሊያ ፕሮግራም ላይ ፈትሸው። ነጻ ነው፣ ከወረደ በኋላ ኔትዎርክ ቢጠፋም ያሰላልሃል፤ ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ መብራት ካለ መከላከያውን አስቀድሜ እሞክረዋለሁ።