የተጠበሰበትን ዘይት የት ነው የምትደፉት?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች፣ እኔ ጠብሼ የሚተርፈውን ዘይት እስካሁን ላቫንዲኖ ውስጥ ነበር የምደፋው፣ ከኋላው የፈላ ውሃና ሳሙና ስለማስከትል ሄዷል ብዬ ነው የማስበው። አሁን ግን ውሃው ተኝቶ ተኝቶ ነው የሚወርደው፣ መጥፎ ሽታም አለው። የት ልድፋው? አፈር ላይስ ይሻላል?

መልስ 1፦
እህቴ የፈላ ውሃውን ተይው በናትሽ። እኔም እንዳንቺ ሳደርግ ኖሬ አንድ ቀን ሲፎኑን፣ ከላቫንዲኖው ስር ያለውን ጠማማ ቱቦ ማለቴ ነው፣ ፈትቼ ሳየው ውስጡ እንደ ሻማ የጠነከረ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል፣ የቀረው ቀዳዳ ትንሿን ጣቴን እንኳ አያስገባም። ሙቅ ውሃ ዘይቱን ገፋ አድርጎ ይወስደዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ቱቦው ቀዝቀዝ ያለበት ጋ ሲደርስ እዛው ይረጋል። አሁን እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ አጠራቅመዋለሁ፣ ሲሞላ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። መጥበሻውን ደግሞ ውሃ ሳይነካው በሶፍት ጥርግ አድርጊው፣ እውነቴን ነው ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው። ትኩሱን ግን ፌስታል ውስጥ እንዳታደርጊ፣ ቀልጦ እግርሽ ላይ ነው የሚፈሰው።

መልስ 2፦
የፍሳሽ መስመር ላይ ነው የምሰራው። ስቡ ቱቦ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ሳሙና መሰል ጠጣር ነገር ይሆናል፣ ሽንት ቤት የሚጣለው እርጥብ ሶፍት ሲጨመርበት ደግሞ ድንጋይ በለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ለንደን ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ስር ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የተገኘው እንዲህ ያለ የስብ ክምር 250 ሜትር ርዝመት፣ 130 ቶን ክብደት ነበረው፣ ሰራተኞች ሳምንታት ፈጅቶባቸው ነው ያወጡት። ይሄ ሁሉ ከየቤቱ በማንኪያ በማንኪያ የተደፋ ነው። አፈርም ላይ አትድፊው፣ ውሃ አላሰርግ ይላል፣ አይጥም ይጠራል።

መልስ 3፦
ከመጣልሽ በፊት በጨርቅ አጥልይው፣ ካልጠቆረና ካልሸተተ አንድ ሁለቴ ይሰራል። ቶሎ መጨስ ወይ አረፋ መድፈቅ ከጀመረ ግን በቃው። ባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት የሚወጣ ነዳጅ፣ ለመስራት የሚሰበስቡ ካሉ ለነሱ ስጪ፣ የሞተር ዘይት ብቻ እንዳትቀላቅይበት። ሳሙና የሚሰሩም አሉ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኮስቲክ ሶዳ ስላለው ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ ደግሞ ሶዳው ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው፣ ውሃው ሶዳው ላይ ከሆነ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ፣ ጣሳ አዘጋጅቻለሁ። የተዘጋውንስ በምን ልክፈተው?

መልስ 1፦
ከስሩ ባልዲ አድርጊና ሲፎኑን በእጅሽ ፍቺው፣ የረጋውን ጠርገሽ ጣሳው ውስጥ ጨምሪው፣ መልሰሽ ላቫንዲኖው ውስጥ እንዳታጥቢው ብቻ።