ክርክር፦ ፖሊስ ሰው የሚነክስ ውሻ ያስፈልገዋል?

ሹፌር፣ ከኮሎምበስ፦
ወገኖቼ፣ እዚህ አሜሪካ ከባድ መኪና የምንነዳ ብዙ ስለሆንን ይህን ብንነጋገርበት። በጁላይ 2023 እዚሁ ኦሃዮ፣ ሰርክልቪል አጠገብ፣ አንድ ጥቁር የከባድ መኪና ሹፌር የጭቃ መከላከያ ጎድሎታል ተብሎ ተሳደደ። ቁም ሲባል አለመቆሙ ጥፋት ነው፣ አልክድም። በመጨረሻ ግን ወርዶ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር። የሀይዌይ ፖሊሱ «እጁን አንሥቷል፣ ውሻውን አትልቀቅ» እያለ ሲጮህ የከተማው ፖሊስ ለቀቀው። ፖሊሱ በኋላ ከሥራ ተባረረ፤ የሰውዬው ክንድ ግን ተነክሷል። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሊስ ሰው ለመያዝ ውሻ እንዳይጠቀም የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። እኔ የምለው፣ ውሻ ያሽትት፣ የጠፋ ልጅ ይፈልግ፤ መንከሱ ግን ይቅር።

የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ በአንድ ሰው ጥፋት ሁሉንም አትፍረድ። መሣሪያ የያዘ ሰው ጨለማ መጋዘን ውስጥ ሲደበቅ ማን ይግባ? ውሻውን የሚይዘው ፖሊስ፣ ያዡ፣ ከውሻው ጋር አንድ ቤት ይኖራል፤ ያበላዋል፣ አብሮት ይሠለጥናል፣ ውሻውን አስቀድሞ መላክ ለያዡም ቀላል አይደለም። የተለቀቀ ውሻ በትእዛዝ ይመለሳል። ጥይት ይመለሳል?

ነርስ፣ ከሲያትል፦
ጋሼ፣ ይመለሳል የሚሉትን ቁስሉን ቢያዩት ኖሮ። እኔ ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። ውሻው ነክሶ እንዲይዝና ልቀቅ እስኪባል እንዳይለቅ ነው የሚሠለጥነው። ሰውዬው ሲያመው ይንፈራገጣል፣ ፖሊሱ «አትታገል» ይላል፤ ሥጋው በጥርስ ተይዞ ዝም ብሎ የሚተኛ ማን ነው? በዚያ ላይ የሚነከሰው ማን እንደሆነ ይታያል። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ስለ ፈርጉሰን ከተማ (ሚዙሪ) ፖሊስ ባወጣው ሪፖርት፣ የተነካሹ ዘር በታወቀበት በእያንዳንዱ ጉዳይ ተነካሹ ጥቁር ነበር። ልጆቻችንም ጥቁር ናቸው።

የሕግ ተማሪ፣ ከሜሪላንድ፦
ማሽተቱንም አትመኑት። በ2011 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት 18 ውሾችን ከነያዦቻቸው ዕፅም ፈንጂም በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ፈትኗል። ለያዦቹ ግን ቀይ ወረቀት ባለበት ሽታ እንዳለ ተነግሯቸው ነበር። «ውሻዬ አገኘ» የሚለው ሪፖርት ተደጋገመ፤ ይበልጡን ደግሞ ወረቀቱ ባለበት ቦታ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የያዡን ፊት ያነባል። ሹፌሮች ደግሞ ይህን ያዙ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በሮድሪጌዝ ጉዳይ፣ የትራፊክ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ያለ በቂ ጥርጣሬ ውሻ እስኪያሸት ማቆየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል። እዚያ ጉዳይ ላይ የተጨመረው ጊዜ ሰባት ስምንት ደቂቃ ብቻ ነበር።

የጥበቃ ሠራተኛ፦
እሺ፣ ፈልጎ ሲያገኝ ሳይነክስ ቆሞ እንዲጮህም ውሻ ይሠለጥናል። በዚህ እስማማለሁ። መሣሪያ ለያዘ ሰው ግን ጥርሱን አታንሡብኝ።

ሹፌር፦
ጋሼ፣ «መሣሪያ ለያዘ ብቻ» ተብሎ በሕግ ይጻፍልኝና ክርክሬን አቆማለሁ። ያ የኦሃዮው ሹፌር ምን ይዞ ነበር?