ከገብረሕይወት ባይከዳኝ ቀጥለን ምን እናንብብ?

እንደምን አላችሁ? ያለሁት ቡሬ ነው። አምስት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡና በኋላ መጽሐፍ እናነባለን። ልብ ወለድ ጠልተን አይደለም፤ ኅብረተሰብ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያስረዳ ነገር አማረን።

የጀመርነው በገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። በ1916 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም ስለ ንግድና ስለ ዕውቀት የሚለው ዛሬም ያጨቃጭቃል። ያለን ፎቶ ኮፒ ነው። ጠርዙ ስለተቆረጠ የመስመሩን መጨረሻ በግምት እየሞላን ነው ያነበብነው። ሁለት ሰው በአንድ ቃል ተኳርፏል!

ከዚያ ወዲያ ተቸከልን። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን ስለ ጎጃሙ ደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓት (በዘር ስለሚወረስ የመሬት መብት) በእንግሊዝኛ የጻፈውን ሞከርን። የገዛ አገራችንን መሬት በመዝገበ ቃላት! ሁለት ገጽ ለማንበብ ምሽቱ አለቀ። በማግስቱ አንዱ ጓደኛችን አያቱን ቢጠይቃቸው ርስትንና ጉልትን (ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብትን) ቡና እስኪፈላ ድረስ አስረድተው ጨረሱ።

እስቲ እርዱን። በአማርኛ የተጻፈ ወይም በወጉ የተተረጎመ ይሁን። በአቋራጭ ሀብታም ስለመሆን የሚመክር አይሁን፤ እሱማ መጽሐፍ አዟሪው ሁሉ ተሸክሞታል። ደራሲው ማስረጃውን ከየት እንዳመጣ የሚያሳይ፣ አንባቢው እንዲከራከረው የሚፈቅድ ቢሆን ደስ ይለናል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የገጠሩን ኑሮ እንዴት እንደለወጠው የሚያወራ ካለማ በጣም ጥሩ።

አንድ ብቻ ምረጡ ብትባሉ የቱን ትላላችሁ? ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ይገኝ ይሆን?