የሕፃናት መድኃኒት መጠን በሰፈር ቴሌግራም ቡድን ይለጠፍ ወይስ ይከልከል?

የመነሻ ጥያቄ፦ «ለልጅ ትኩሳት ፓራሲታሞል ሽሮፕ 5 ሚሊ፣ በየ6 ሰዓቱ» የሚል ከአሜሪካ የተላከ መልእክት በየቡድኑ እየዞረ ነው። አስተዳዳሪዎች እንዲህ ያለውን ያጥፉት ወይስ ይተዉት?

ሄለን (ፋርማሲስት)፦ ይጥፋ። ለጻፈችው እናት ልጅ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካው የልጆች ሽሮፕ በ5 ሚሊ ውስጥ 160 ሚሊግራም አለው። እዚህ ግን 120ም 250ም ይሸጣል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። ከ120ው 5 ሚሊ ልክ ነው፤ ከ250ው ያው 5 ሚሊ ከልክ ያልፋል። በ1 ሚሊ 100 ሚሊግራም የያዘው የጨቅላ ጠብታ ከሆነማ 500 ሚሊግራም ተሰጠው ማለት ነው! ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አያስታውቅም፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ደህና ሊመስል ይችላል።

መምህር ታደሰ፦ ስሌቱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ማጥፋቱን ግን እቃወማለሁ። ሌሊት ልጇ ትኩሳት የተነሳበት እናት ከቡድኑ ብታጣው ቲክቶክ ላይ ትፈልገዋለች፤ እዚያ ማን ያርማታል? የልጁ ክብደት፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ሚሊግራም፣ የተጻፈበት ቀንና አገር ከሌለበት አይለጠፍ ብንል ይበቃል።

ሳባ፦ መምህር፣ እነዚህ ሁሉ እኮ መንገድ ላይ ይረግፋሉ። ሰው ኮፒ የሚያደርገው «5 ሚሊ» የምትለዋን መስመር ብቻ ነው፤ በስክሪንሾት ሲሆን ቀኑም ምንጩም ይቆረጣል። ቴሌግራም ላይ ዋናውን ጽሑፍ ብታርሙት እንኳ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አይታረምም። ስለዚህ ጽሑፉ ቀርቶ የቻናሉ ፖስት ሊንክ ይላክ፤ ሊንኩን የከፈተ ሁሉ የታረመውን ያነባል።

መምህር ታደሰ፦ ሊንኩን ተቀብያለሁ። ዳታ ያለቀባትስ?

ሄለን፦ እሺ መምህር፣ እርስዎን የሚያስማማ ከሆነ ቁርጥ ያለ መጠን ሳይሆን ስሌቱ ፒን ይደረግ። የልጁን ክብደት በኪሎ በ12 ማባዛት (ለአንድ ኪሎ 12 ሚሊግራም ማለት ነው)፣ ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ» ተብሎ ለተጻፈው ሚሊግራም ማካፈል፣ ከዚያ በ5 ማባዛት። ለ10 ኪሎ ልጅ ከ250ው 2.4 ሚሊ ይመጣል። በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ስሌት የለም፤ ትኩሳት ካለው በቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ሳባ፦ በምን እንደሚለካም ይጨመርበት። «አንድ ማንኪያ» ሲባል 15 ሚሊ የሚይዘውን የሾርባ ማንኪያ የሚያነሳ አለ፤ የሻይ ማንኪያውም ሁሉ እኩል አይደለም። መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ስሪንጅ ይሻላል።

ሄለን፦ ትክክል ነሽ። የጉንፋን ሽሮፕም አይረሳ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ የሰጠች እናት ሳታውቀው መጠኑን ታጥፈዋለች።

መምህር ታደሰ፦ ይህ ፒን ከተደረገ የአሜሪካው መልእክት ይጥፋ፣ ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ለምን እንደጠፋ ከስሩ ይጻፍ። ዝም ተብሎ ከጠፋ ነገ ሌላ ሰው መልሶ ይለጥፈዋል።