የወተት ፋብሪካ ነን፤ «ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ሥራ» ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር?

የሱሉልታው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሱሉልታ ባለ የወተት ማቀነባበሪያ የአይቲ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ አትሳቁ፤ ከእኔ ሌላ ሁለት ልጆች ናቸው ያሉት። ድርጅቱ ኢአርፒ (ሒሳብን፣ መጋዘንን፣ ደመወዝን በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) ሊገዛ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልጠና ቆይተው መጡና «ከግዢው በፊት ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ይሠራ፣ ሦስት ወር አለህ» አሉኝ። የድርጅቱ ሥራ፣ ዳታና ሲስተሞች እንዴት እንደሚያያዙ በሥዕልና በጽሑፍ የሚያሳይ ንድፍ ማለት ነው።

ያለን ይሄ ነው። ሒሳብ በፒችትሪ፣ መጋዘን በኤክሴል። ደመወዝ ደግሞ አንድ የቀድሞ ባልደረባ ጽፎት በሄደው ፕሮግራም (ፓስወርዱን በልመና ነው ያገኘነው)። ከገበሬ ወተት የሚቀበሉት ጣቢያዎች በደብተር ነው የሚሠሩት። ቶጋፍን (የዚህ ሥራ የታወቀ የአሠራር መመሪያ ነው) ማንበብ ጀምሬ በሦስተኛው ቀን ራሴን አመመኝ። ሥራውን እንዴት ላደራጀው?

ገላን ኬላ፦
ቶጋፍን አትጣለው፣ ግን አትስገድለት። በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መነሻው የአሜሪካ መከላከያ ሰነድ ነበር፤ ያን የሚያህል ቤት የለህም። ከመሰናዶው ሌላ ከኤ እስከ ኤች ስምንት ምዕራፍ አለው። ራሱ ግን «ለድርጅታችሁ በሚሆን መልኩ አስተካክሉት» ይላል። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁን «ይህ ሰነድ የትኛውን ውሳኔ ነው የሚያግዝዎት?» ብለህ ጠይቃቸው። «ጨረታው ላይ ምን እንጻፍ የሚለውን» ካሉህ፣ ዕቅድህን ከጨረታው ቀን ወደኋላ ቁጠር። ለጨረታው የማይረዳ ሥዕል ይቆይ። እኛ ቤት 90 ገጽ ሠርተን የከፈተው የለም። ከፍቶት ከሆነም ለማተም ነው።

እቴ ዳታ፦
እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠህ አትሳል እላለሁ። ጣቢያ ሂድና አንዲት ጄሪካን ወተት ተከተል። ማን ይለካታል? የት ይጻፋል? ገበሬው እስኪከፈለው ስንት ሰው እጅ ታልፋለች? አርኪ የሚባል ነፃ የሥዕል መሣሪያ አለ፣ አውርደው። የመጀመሪያው ሳምንት ግን በእስክሪፕቶ ይሁን።

የሱሉልታው፦
እሺ ብዬ ዛሬ ሄድኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ብርዱ አይነገርም። ተቀባዩ ላክቶሜትሩን (ውኃ መቀላቀሉን መፈተሻ) ያስገባል፣ አልኮል ቴስት (ወተቱ መበላሸት መጀመሩን መፈተሻ) ያደርጋል፣ ሊትሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። የገረመኝ አንዲት እናት ሁለት ገጽ አላቸው። አንዱ ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሀይ»። ወተታቸው በአንዱ ስም ይመዘገባል፣ በዱቤ የወሰዱት ፉርሽካና ፋጉሎ በሌላው። ክፍያ ሲደርስ ዱቤው አይቀነስላቸውም። ሒሳብ ክፍል «ያልተሰበሰበ» እያለ የሚያለቅሰው ለካ በከፊል ይሄ ነው።

እቴ ዳታ፦
በለው! የዳታ አርክቴክቸርህ (የትኛው መረጃ የት፣ እንዴት ይያዛል የሚለው ክፍል) ተጀመረ። ይህን ሳታጠራ ኢአርፒ ብትገዛ ሁለቱን ፀሐይ በውድ ዋጋ ነው የምታስገባቸው። ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጥ። ስም መፈለጊያው ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ ያንብብ፤ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን፣ አና ዐንም እንዲሁ። ይህን ጨረታው ላይ ጻፈው፣ ሻጩ በናሙና ያሳይህ። ስልክና የፋይዳ ቁጥር የምትይዝ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ማን ያያል፣ ማን አያይም የሚለውን ከአሁኑ ወስን።

ፒችትሪ ናፋቂ፦
የሒሳብ ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ገበሬ የምትከፍሉት በየ15 ቀኑ ነው? እንግዲያስ የጳጉሜን 5 ቀን ወተት የት ይገባል? 6 ቀን በምትሆንበት ዓመትስ? ከውጭ የሚመጣው ሲስተም 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን አይቲ አይወስንም፣ የፋይናንስ ኃላፊው ናቸው። የውሳኔ መዝገብ ክፈት፦ ጥያቄው፣ የወሰነው ሰው፣ ቀኑ፣ ምክንያቱ። አራት ዓምድ ይበቃል። በኋላ «ማን ፈቀደ?» ሲባል ትድናለህ።

አዲሱ ሲስተም ሐምሌ 1 ይጀምር። በጀት ዓመቱ የሚከፈተው ያኔ ነው፣ የመክፈቻ ሒሳብ አያስቸግርም።

ገላን ኬላ፦
ለሒሳቡ ልክ ነህ። ለጣቢያዎቹ ግን ሐምሌ? በዚያ ጭቃ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ? ሁዳዴ ይሻላል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ የወተት ሽያጭም ይቀዘቅዛል፣ ቢሳሳቱ ጉዳቱ ያንሳል።

ፒችትሪ ናፋቂ፦
ሽያጩ እንጂ ላሟ አትጾምም! ያደረ ወተት የት እናስቀምጥ እያሉ በሚጨነቁበት ሰሞን አዲስ ሲስተም?

ገላን ኬላ፦
እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው በሁዳዴ አንድ ጣቢያ ብቻ ለሙከራ ይግባ፣ ደብተሩም ጎን ለጎን ይቀጥል። ሒሳቡ ሐምሌ 1። ሌሎቹ ጣቢያዎች ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ። ጣቢያው ያለ ኔትወርክ መዝግቦ ሲመለስለት የሚልክ ይሁን። እሱን የማይችል ሻጭ ጋር ጊዜህን አታጥፋ።

የሱሉልታው፦
ኑሩልኝ። ሰኞ የፋይናንስ ኃላፊዋን፣ የግዢውን ሰውና ያንን ተቀባይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጥ ነው። ተቀባዩ «እኔ ስብሰባ ምን ልሠራ?» ብሎ እምቢ ብሏል። ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ ለምኜዋለሁ። ጳጉሜንን ከወዲሁ ለኃላፊዋ አንስቼላቸው ነበር፤ ዝም ብለው ካልኩሌተር አወጡ።