«አለማወቅ አያድንም» እና «ሜንስ ሬያ» አይጋጩም?

ኤክስቴንሽን ተማሪ፦
ሰላም የሕግ ሰዎች። «ኢግኖራንሺያ ዩሪስ ኖን ኤክስኩሳት» አለማወቅ አያድንም ይላል። «አክቱስ ኖን ፋሲት ሬዩም ኒሲ ሜንስ ሲት ሬያ» ደግሞ የጥፋት ሐሳብ ከሌለ ድርጊት ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም ይላል። እንበል ቱሉ ዲምቱ ሁለት ጅምር ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። የቀን ሠራተኛው የአሠሪው መስሎት የጎረቤቱን አጣና አይሱዙ ላይ ጫነ። ሌባ ነው?

ጠበቃው፦
አይደለም። የማያድነው ሕጉን አለማወቅ ነው፤ አጣናው የማን እንደሆነ አለማወቅ የፍሬ ነገር ስህተት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለየብቻ አስቀምጧቸዋል፦ አንቀጽ 80 ስለ ፍሬ ነገር፣ አንቀጽ 81 ስለ ሕግ። በ80 መሠረት ሰውየው የሚዳኘው ነገሩን በተረዳበት መልክ ነው። ስርቆት (አንቀጽ 665) የሌላን ሰው ንብረት ለማይገባ ጥቅም ለመውሰድ ማሰብን ይጠይቃል፤ እሱ ግን የአሠሪውን ዕቃ እየጫነ ነው።

«ቢጠይቅ ኖሮ ያውቅ ነበር» የሚል ዐቃቤ ሕግም ብዙ አይራመድም። ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው (አንቀጽ 59)። በቸልተኝነት ሰው መግደል አለ፣ አንቀጽ 543፤ በቸልተኝነት መስረቅ የለም። የአጣናው ዋጋ በፍትሐ ብሔር መጠየቁ ግን አይቀርም።

«የጎረቤት መሆኑን አውቃለሁ፣ ጅምር ቤት ላይ የተቀመጠ ዕቃ መውሰድ ወንጀል አይመስለኝም ነበር» ካለ ግን 81 ውስጥ ገባ። ቅን ልቦናና በቂ ምክንያት ካሳየ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር በቂ ምክንያት ከየት እንደሚመጣ ግን እንጃ።

ፍርድ ቤት አካባቢ፦
ጠበቃው ያሉት ልክ ነው፤ ክርክሩ የሚወድቀው ግን ማስረጃ ላይ ነው። ሐሳብ የሚነበበው ከሁኔታው ነው፦ ማን «ጫን» አለው? በቀን ነው በሌሊት? የት አራገፈው? አሠሪው ግቢ ካራገፈ ስህተቱ ይታመናል። ሸጦት ከተገኘ «መስሎኝ ነው» አይሠራም። የማስረዳቱ ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20/3)፤ ጥርጣሬ ከቀረ ለተከሳሹ ይተረጎማል፣ «ኢን ዱቢዮ ፕሮ ሬዮ» የሚሉት ይኸው ነው። ችሎት ላይ ግን ላቲኑን ተዉትና አንቀጹን ጥቀሱ።

ኤክስቴንሽን ተማሪ፦
አመሰግናለሁ። ፖሊስ ይዞት ቢለቀው «ኔ ቢስ ኢን ኢደም» (በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አለመከሰስ) ከሁለተኛ ክስ ያድነዋል?

ጠበቃው፦
አያድነውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 የሚከለክለው በመጨረሻ ውሳኔ ጥፋተኛ ከተባለ ወይም በነፃ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ከጣቢያ በዋስ መውጣት ወይም መዝገቡ በማስረጃ ማነስ መዘጋት ፍርድ አይደለም፤ አዲስ ምስክር ከመጣ ክሱ ሊቀርብ ይችላል።