«ኤቻሌ ኡን ኦኾ» ሲባል ዐይን መጣል ነው?

ጀማሪ፦
ሰላም ቤቶች። ሜክሲኮዎች በስፓኒሽ ሲያወሩ የተሰማች ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ኤቻሌ ኡን ኦኾ አ ላ ኒኛ»። ስፈታት «ልጅቱ ላይ አይንህን ጣልባት» ሆነችብኝ። እናት ስለ ገዛ ልጇ እንዲህ ትላለች? ደግሞስ ለአንቱ ሰው ሲሆን «ኤቻሌ» ይቀየራል?

ሰዋስው፦
መልሱ ይቆይ። «ዐይን» በዐይኑ «ዐ» ነው የሚጻፈው። ለፊደሉ ስሙን የሰጠውን ቃል በአልፋው «አ» ስትጽፈው አታፍርም?

ሁለት ምላስ፦
ወንድሜ ጀማሪ፣ ጣጣው ያለው ከ«ኦኾ» በፊት ባለችው ትንሽ ቃል ነው። «ኡን ኦኾ» ከሆነ «አየት አድርጋት፣ እስክመለስ ጠብቃት» ማለት ነው። ሾርባ እሳት ላይ ጥዶ የሚወጣ ሰውም «ኤቻሌ ኡን ኦኾ አ ላ ሶፓ» ይላል። «ኤል ኦኾ» ከሆነ ግን መመኘት ነው፦ «ሌ ኤቾ ኤል ኦኾ አ ላ ካሳ»፣ ቤቱ ላይ ዐይኑን ጣለ። የኛ «ዐይኑን ጣለባት» የሚገጥመው ከዚህኛው ጋር ነው። አንተ የ«ኤል»ን ፍቺ ለ«ኡን» ሰጠህ። «ማል ደ ኦኾ» ካከሉበት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይመጣል፤ የሰው ዐይን፣ እኛ ዐይን በላው የምንለው። ብቻውን «¡ኦኾ!» ሲባል «ልብ በል!» ነው፦ «ኦኾ ኮን ኤል ፔርሮ»፣ ከውሻው ተጠንቀቅ።

የቆሎ ተማሪ፦
«ኦኾ» የግእዙ «አኀዘ» ነው። ዐይን አይቶ ይይዛልና። «ኀ»ዋን አላያችኋትም?

ሁለት ምላስ፦
አላየናትም። ላቲን ነው፦ ኦኩሉስ፣ ከዚያ ኦክሉ፣ ከዚያ ኦኾ። በመካከል ያለችው አናባቢ ስትወድቅ «ክል» በስፓኒሽ «ኸ» ይሆናል። ኦሪኩላ ኦሬኻ ሆነ፣ ጆሮ። አፒኩላ አቤኻ ሆነ፣ ንብ። ጆሮውንም ንቡንም ከ«አኀዘ» አምጣልንና እናምንሃለን።
ለጀማሪ ግን አንድ ነገር፦ ማድሪድ ላይ ጉሮሮ የምትፍቅ «ኸ» ናት፣ ካሪቢያን ላይ ለስለስ ብላ «ሀ» ትሆናለች፤ ሁለቱም ያግባባሉ። የማያግባባው መጨረሻዋን መሳት ነው። «ኦኻ» ካልክ ቅጠል ወይም የወረቀት ገጽ ነው። «ኤቻሌ ኡና ኦኻ» ብትል ሾርባውን የሚያይልህ የለም፣ ቅጠል ይጨምሩበታል።

ግሽ ዓባይ፦
«ኦኾ ደ አግዋ»ስ? ቃል በቃል «ዐይነ ውሃ» ነው፣ ፍቺው ግን ምንጭ! ስፔን ውስጥ ላ ማንቻ ላይ የጓዲያና ወንዝ ምንጮች «ሎስ ኦኾስ ዴል ጓዲያና» ይባላሉ፤ ለመስኖ የከርሰ ምድር ውሃ ከልክ በላይ ሲሳብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደርቀው ነበር። በአጠገቡ ያለችው ከተማም ቪያሩቢያ ደ ሎስ ኦኾስ ናት። በዐረብኛም ዐይን ምንጭ ነው፤ ኤምሬትስ ያላችሁ አል ዐይንን ታውቃላችሁ። እንግዲህ «ዐይነ ውሃው አላማረኝም» ስንል የሰውዬው ምንጭ ደፍርሷል ማለታችን ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
ይኸው! ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝም እኮ ስፔናዊ ነው፤ በ1618 እ.ኤ.አ. የዓባይ ምንጭ ላይ ቆሟል። እሱ ይሆናል ያስተማራቸው።

ሁለት ምላስ፦
መጽሐፉን የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። ስፔኖች ምንጫቸውን ለመሰየም እሱን አልጠበቁም።

ሰዋስው፦
ቀስ በሉ። የግእዙ ምንጭ «ነቅዕ» ነው። «እስመ እምኀቤከ ነቅዐ ሕይወት» ይላል ዳዊት፣ መዝሙር 35። ዳዊት ሳይደግሙ ሥርወ ቃል መፍታት ምን ይባላል?

ግሽ ዓባይ፦
ዳዊቱን ደግመናል መሪጌታ፣ ዘርፉንም አብረን ተምረናል። በግእዝ ባለቤቱ (የሚነገርለት ነገር) ይቀድማል፣ ዘርፉ (የማን እንደሆነ የሚናገረው) ይከተላል። የዐይን እርጥበት ለማለት ቢሆን «ማየ ዐይን» በተባለ ነበር። «ዐይነ ውሃ» ሲባል ዘርፉ ውሃው ነው፦ የውሃ ዐይን። የመጽሐፍ ቅዱሱን ምንጭ፣ ዓይንጋዲንስ ምን ሊያደርጉት ነው?

ሰዋስው፦
ዓይንጋዲ ዕብራይስጥ ነው፣ ለግእዝ ምስክር አይቆምም። «ዐይነ ውሃ» ደግሞ ግማሹ አማርኛ ነው፤ «ውሃ»ን ይዘህ የግእዝ ሕግ ልታስከብር? ዘመዱ «ዐይነ ደረቅ» ነው። ያ ዐይኑ የደረቀ፣ ሀፍረት የሌለው። ይህ የዐይኑ ጥራት፣ ከፊቱ የሚነበበው ነገር። ደረቅና እርጥብ፣ አለቀ።

የቆሎ ተማሪ፦
አላለቀም። «ዐይነ ርግብ» ርግብ ሳትኖርበት የፊት መሸፈኛ ሆኖ ቀርቷል።

ግሽ ዓባይ፦
እንግዲያው መሪጌታ «ዐይነ ምድር»ንም በዚሁ ይፍቱልን።

ሁለት ምላስ፦
ምንጩን ብቻ እንዳይነግሩን።

ሰዋስው፦
ጨዋ ቤት መስሎኝ ነበር።

ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ ለአንቱ ሰው ሲሆንስ? «ኤቻሌ» ነው ወይስ...?

ሁለት ምላስ፦
«ኤቼሌ»። «ቻ»ን «ቼ» አድርጋት፣ ሌላው እንዳለ ነው።

ሰዋስው፦
«ዐይነ ምድር» ላይ ያለው «ዐይን» ግን መልክ ነው ወይስ ቀዳዳ? እሱን ሳንፈታ ማንም እንዳይወጣ።